ወደን የገባንበት ነፋስ

ሰው ወዶ የገባበት መከራ፣ መከራ ሊባል ይገባዋል? ጥያቄው መጽሐፍ ሳነብ የመጣልኝ አይደለም። በሲና በረሓ፣ በሙሴ ተራራ ላይ፣ ነፋሱ ደረቴን ከድንጋዩ ጋር አጣብቆ ባቆመኝ ሰዓት ያዘኝ፤ ከያዘኝም ወዲህ አለቀቀኝም። ማንም አላስገደደኝም ነበር። ስለት የለብኝ፣ የሚያሳድደኝ የለ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከሞቀ ብርድ ልብስ ወጥቼ፣ ነፋሱ ከማታ ጀምሮ መስኮቱን ሲደበድብ እየሰማሁ፣ የጫማዬን ማሰሪያ አጥብቄ የተነሣሁት እኔው ነኝ። ጥርሴ ሲንገጫገጭና ጣቶቼ ሲደነዝዙ ግን “ምን ዓይነት መከራ ነው!” የሚል ቃል ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ወዲያው ቃሉ የእኔ እንዳልሆነ ተሰማኝ፤ ባለቤቱን ሳላስፈቅድ የወሰድኩት መሰለኝ። ይህ ስሜት ትክክል ነበር ወይስ ያለ ምክንያት በራሴ ላይ የጨከንኩት? ብርዱ ብርድ ነበር፣ ግፊያውም ግፊያ። ሥጋዬ ያወቀውን ነገር አእምሮዬ “አይደለም” ብሎ ሊክደው ምን መብት አለው?

ተራራውን አብዛኞቻችን በስሙ እንጂ በመልኩ አናውቀውም። ስሙንማ አገራችን ድረስ አምጥተን ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለአንዲት ከተማ ሰጥተነዋል፤ ከደብረ ሲና በላይ ጣርማበር ላይ ወጥቶ የቆመ ሰው ስለ ነፋስ ብዙ የሚነግረው አያስፈልገውም። የጣርማበር ነፋስ ግን ጭጋግ ይዞ ይመጣል፣ ሣር ያስተኛል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ያንኮሻኩሻል፤ ገና ሳይደርስብህ ከሩቅ ታየዋለህ። በሙሴ ተራራ፣ የኤልያስ ስም ከተሰጠው ሜዳና እዚያ ከቆሙት ጥቂት ያረጁ ጥዶች ካለፍክ በኋላ፣ ነፋሱን የሚያሳይህ ምንም ነገር የለም። ቀይ ግራናይት ብቻ ነው። ድንጋዩ አይወዛወዝም፣ ሰማዩም አይለወጥም። አሸዋው እንኳ ከታች ቀርቷል። በበረሓ ነፋስና አሸዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ1941 እስካሁን የሚጠቀስ መጽሐፍ ያሳተመው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ራልፍ ባግኖልድ እንዳስረዳው፣ ነፋስ የሚያስነሣው የአሸዋ ቅንጣት በአብዛኛው መሬቱን ሳይርቅ እየዘለለ ይሄዳል፤ ወደ ላይ የሚወጣው የላመው አቧራ ነው። እናም ከፍ ባልክ ቁጥር የሚመታህ ነገር እየጠራ ይሄዳል፤ በመጨረሻ የሚገፋህ አየሩ ብቻ ነው። ቅጠል በሌለበት አገር ነፋስ የሚታየው በሰው ላይ ነው። ከፊቴ ይወጣ የነበረውን ሰው ሳይ፣ ጃኬቱ በአንድ ጎኑ አጥንቱ ላይ ተለጥፎ በሌላው ጎኑ ተነፍቶ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ነፋሱን ያየሁት በእሱ ላይ ነው፣ እሱም ዞሮ ቢያየኝ በእኔ ላይ ያየው ነበር።

እንግዲህ የሚገፋኝ ምንድን ነው? ጠላት ነው እንዳልል ፈቃድ የለውም። በሁለት የተለያዩ የአየር ግፊቶች መካከል፣ ከብዙው ወደ ጥቂቱ የሚሄድ አየር ነው፤ ተራራ ሲያጋጥመው በጠባቡ ለማለፍ ይፈጥናል፣ ስለዚህም ሸንተረርና ጫፍ ላይ ከሜዳው ይልቅ ይበረታል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰውን ቆሞ የተቋቋመ ሰው፣ 80 ሲደርስበት የገጠመው እጥፍ የሆነ ነፋስ ሳይሆን የአራት ነፋስ ጉልበት ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ “አንተ” የሚለኝ ማንም የለም። ይህን አውቃለሁ፤ ሆኖም አፍንጫዬን ሲመታኝ ሰደብኩት። ያላሰበኝን ነገር መስደብ የሞኝ ሥራ ነው ብዬ ላልፈው እችል ነበር፤ ነገር ግን ስድቡ ውስጥ አንድ እውነት ያለ ይመስለኛል። ሰው ፈቃድ ከሌለው ነገር ጋር መታገል አይችልበትም። ትግል ሁለት ፈቃድ ይፈልጋል። ስለዚህ ከፊታችን ፈቃድ ስናጣ ከራሳችን ቆርሰን እናበድረዋለን፤ ነፋሱ “እንዳትወጣ” እንዳለን አድርገን እንሰማና “እወጣለሁ” እንላለን።

ከተራራው ግርጌ ባለው የቅድስት ካትሪን ገዳም በ12ኛው መቶ ዘመን የተሣለ አንድ ታዋቂ ሥዕል አለ። የዚያው ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ ክሊማኮስ በ7ኛው መቶ ዘመን የጻፈውን የ30 ደረጃ መሰላል የሚያሳይ ነው፤ መነኮሳት በመሰላሉ ተሰልፈው ወደ ሰማይ ይወጣሉ፣ ትናንሽ ጥቋቁር አጋንንት በቀስትና በገመድ እየወጉና እየጎተቱ ያወርዷቸዋል። ሥዕሉን ሳስብ የሚያስቀናኝ የመነኮሳቱ ብርታት አይደለም፤ ጠላታቸው መልክ ያለው መሆኑ ነው። ጋኔን የሚፈልገውን ያውቃል። ከመሰላሉ የወደቀው መነኩሴ እንኳ ሊጥለው የፈለገ ስለነበረ ወደቀ፤ መውደቁ ትርጉም አለው። በእኔ ላይ የነፈሰው ነፋስ ቢጥለኝ ግን መውደቄ ትርጉም የለሽ ነበር፤ ባይጥለኝስ? ያልጣለኝ ስላሸነፍኩት አይደለምና፣ ጫፍ መድረሴ ምን ይሆናል? ወዶ ወደ መከራ የሚገባ ሰው የመጀመሪያው ችግር ይህ ነው። ድሉን የሚመሰክርለት ተሸናፊ የለውም።

“ራሴን ልፈትን ነው” ይባላል። ይህን መልስ ለረጅም ጊዜ አምኜበት ኖሬአለሁ፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። ነገር ግን ፈታኙም ተፈታኙም አንድ ሰው በሆነበት ፈተና ውስጥ የሚፈተነው ምንድን ነው? ትዕግሥት እንበል። መከራን የሚታገሥ ሰው የሚታገሠው ሕመሙን ብቻ አይደለም፤ ከሕመሙ የሚከፋው መቼ እንደሚያልቅ አለማወቁ ነው፣ ከዚያም የሚከፋው መመለሻ አለመኖሩ ነው። ከእነዚህ ሦስቱ እኔ የነበረኝ አንዱ ብቻ ነው። ሕመሙ ነበረ። መጨረሻው ግን በደረጃ የተቆጠረ ነው፤ አንድ መነኩሴ ለንስሐው እንደጠረበው የሚነገርለት መንገድ 3750 ደረጃዎች አሉት፣ ከኤልያስ ሜዳ ወዲያ የሚቀረው ወደ 750 ገደማ ነው፤ እየቆጠርክ ትወጣለህ። መመለሻውም ከኋላዬ ነበር፤ ዞር ብል ያው መንገድ፣ ያው ገዳም፣ ያው አልጋ። መመለሻ ያለው ሰው የሚታገሠው ትዕግሥት ከሌላኛው ትዕግሥት ጋር በስም ብቻ የሚገናኝ ይመስለኛል።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ያው ነፋስ ራሱ ይቃወመኛል። ምክንያቱም በዚያ መንገድ ላይ፣ የትኛው እርከን ላይ እንደሆነ በትክክል መናገር ባልችልም፣ መመለስ ከመውጣት የከበደበት ቦታ ነበር። ሽቅብ ስትወጣ ነፋሱን በግንባርህ ይዘህ፣ በእጅህ ድንጋይ ጨብጠህ ነው። ቁልቁል ስትዞር ከጀርባህ ይመጣል፤ ደረጃው ያልተስተካከለ ነው፣ እግርህ ያላየውን ይረግጣል፣ ግፊያው ካሰብከው አንድ እርምጃ አሻግሮ ይጥልሃል። እዚያ ቦታ ላይ መመለሻዬ በሐሳብ አለ እንጂ በእግሬ የለም ነበር። መንደር ውስጥ ሆኖ “እወጣለሁ” ያለው ሰውዬ ሞቆት ነበር፤ የወሰነው እሱ ነው፣ የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው፣ ጣቱ የደነዘዘው ነው። የመጀመሪያው ሰው ፈቃድ ሁለተኛውን ሰው እስከ ምን ድረስ ያስረዋል? ወዶ ዘማች የሆነ ወታደር ጥይት በሚዘንብበት ምሽግ ውስጥ ሆኖ አሁንም ወዶ ዘማች ነው? ፈቃድ የአንድ ቅጽበት ነገር ከሆነ፣ ወደን የገባንበት ነገር ሁሉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሳንወድ የምንኖርበት ይሆናል። ትዳርም፣ ምንኩስናም፣ ስደትም። እንዲህ ከሆነ ደግሞ “የወደዱት” እና “ያልወደዱት” ብዬ የለየሁት መከራ ከሥሩ መደባለቅ ይጀምራል።

ድብልቁን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየኝ የእኛው የስለት ልማድ ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል ከሚጓዙት ምእመናን መካከል ከባድ ድንጋይ በጀርባቸው ተሸክመው አቀበቱን የሚወጡ አሉ። የውጭ ሰው ቢያያቸው ፈልገው የገቡበት ሥቃይ ነው ይላል፤ ድንጋዩን ማንም አልጫነባቸውም። ከቤተሰባችን ስለት ያልተሳለ የለምና እኛ የተሻለ እናውቃለን። ስለት የሚሳለው ፈቃድ በጠፋበት ሰዓት ነው፤ ልጅ ሲታመም፣ ባል ከጦር ሜዳ ሲዘገይ፣ ሐኪም ዝም ሲል። ያን ጊዜ ሰው የሚመርጠው ነገር ስለሌለው፣ ገና ያልመጣን ድካም አንሥቶ እንደ መያዣ ያስቀምጣል። ድንጋዩን የሚሸከመው ግን ልጁ ከዳነ በኋላ፣ በሰላሙ ቀን ነው። ታዲያ ይህ ሸክም የውድ ነው የግድ? ለእኔ የሚመስለኝ፣ ስለተኛው ያን ሳይወድ የገባበትን የጨለማ ሌሊት በፈቃዱ እንደገና እያለፈበት ነው፤ ያኔ ያላደረገውን ምርጫ አሁን ያደርገዋል። ስለዚህ ድንጋዩ ከባድ መሆን አለበት። የቀለለ ድንጋይ ያን ሌሊት አይመጥንም። ይህን ሳስብ የተራራ ወጪው ድካም አንድ ነገር እንደጎደለው ይሰማኛል፤ ከኋላው የሚከፈልበት ሌሊት የለም። ዕዳ የሌለበት ክፍያ ነው። ወይስ ዕዳው አለ፣ ከማን እንደተበደርነው ግን ረስተነዋል?

የሲናን ስም ስንሰማ ሙሴን የሚያስብ ሐበሻ ብዙ ነው፤ ሌላም ነገር የሚያስብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ ከዚህ ተራራ ርቆ በሚገኘው በዚያው ልሳነ ምድር ሰሜናዊ በረሓ፣ ወደ እስራኤል ለመሻገር የወጡ፣ አንዳንዶቹም ከሱዳን ድንበር በግድ የተጠለፉ፣ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን በአጋቾች እጅ ወድቀው በሰንሰለት ታስረዋል፤ በስልክ ጩኸታቸው ለወላጆቻቸው እየተሰማ የማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠይቆባቸዋል፤ የሞቱም፣ እስከ ዛሬ የት እንደቀሩ ያልታወቁም አሉ። ያው ሰማይ ነው። ያው ነፋስ እነሱም ላይ ነፍሶ ይሆናል። እኔን ከእነሱ የለየኝ የነፋሱ ብርታት አልነበረም፤ ፓስፖርቴ ነበር፣ የመመለሻ ቲኬቴ ነበር፣ ጠዋት ገላዬን የምታጠብበት ሙቅ ውኃ ነበር። ከእነሱም መካከል ከቤቱ ሲነሣ ማንም ያላስገደደው አለ፤ “ወዶ ሄደ” ብለን የምናወራበት። ይህን ቃል በለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ፣ በውጭ አገርም በእኛው ሰዎች መካከል ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም ያስቆጣኛል። የአንድ ቅጽበት ፈቃድን እስከ ሰንሰለቱ ድረስ ጎትቶ ማድረስ በደል ነው። ወጣቱ የወደደው መሻገርን ነው። በዚያ ላይ ከወጣበት ቦታ ሲወጣ ከኋላው መመለሻ ነበረው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ከአፌ የወጣው “መከራ” የሚል ቃል የሰው ሆኖ የተሰማኝ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም በውድና በግድ መካከል ብቻ የተከፈለ ዓለም አልነበረም ያየሁት፤ ሦስተኛ ሰው ነበረ። ከጫፉ ሥር፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ በተካበች ጠባብ መጠለያ ውስጥ ሻይ የሚሸጥ ቤዱዊን ነው። የእነዚህ ሰዎች ጎሳ ጀበሊያ ይባላል፤ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ6ኛው መቶ ዘመን ገዳሙን ሲያሠራ ለጥበቃ ከላካቸው ሰዎች እንወለዳለን ይላሉ፣ ተራራውን የሚያውቁትም እንደ ግቢያቸው ነው። መጠለያዋ በሸራ ተሸፍናለች፤ ሸራውን ነፋሱ እያነሣ ሲጥለው የድብደባ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሰውየው ገመድ ይዞ ወጣ፣ በሸራው ጠርዝ ያለውን ቀዳዳ በጣቱ ፈልጎ አገኘው፣ ገመዱን አሾለከና ጫፉን በእግሩ ረግጦ አንድ ድንጋይ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ጠመጠመው፤ ድንጋዩን በጉልበቱ ገፍቶ ከግድግዳው ጋር አስጠጋው። አንድም ጊዜ ቀና ብሎ ሰማዩን አላየም። ከዚያ ገብቶ በትንሽ ብርጭቆ ሻይ ቀዳልኝ፤ ሲያቀብለኝ መዳፉን በብርጭቆው አፍ ላይ ከድኖ ነበር፣ አቧራ እንዳይገባበት። ይህ ሰው በየሌሊቱ እዚህ ነው። ነፋሱን አልፈለገውም፣ ከነፋሱም አልሸሸም። ለእሱ ነፋስ ማለት ተጨማሪ ገመድ ማለት ነው። ከእሱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሻዬን ስጠጣ፣ ለነፋሱ ያበደርኩት ፈቃድ ሁሉ ወደ እኔ ሲመለስ ተሰማኝ፤ ያ ትልቅ ትግል ከራሴ ጋር የነበረ ትግል ነው። ግን ደግሞ የእሱን አኗኗር ጥበብ ብዬ ልሾመው አልፈልግም። ልጆች ይኖሩታል፤ ሌላ ሥራ ቢያገኝ ይወርድ ይሆናል። ሳንጠይቃቸው የሰዎችን ልማድ ጥበብ ማድረግ የጎብኚ ክፉ አመል ነው።

ከመጠለያዋ ወደ ጫፍ ባለው አጭር መንገድ ላይ ከሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝ ነገር ሆነ። ነፋሱ ሳያቋርጥ ከግራዬ ስለሚመጣ፣ ሳላውቀው ወደ ግራ ተደግፌበት እሄድ ነበር። ድንገት ቆመ። የቆመው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው፤ በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ግን ወደ ግራ ወደቅሁ፣ ጉልበቴ ድንጋይ ላይ አረፈ። በነፋስ ተራራ የወጣ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ሰውን የሚጥለው ብዙውን ጊዜ የነፋሱ ብርታት ሳይሆን መቋረጡ ነው። የሚገፋንን መደገፍ እንለምዳለን። ከለመድን በኋላ ግፊያው ከሚዛናችን አንድ ክፍል ይሆናል፤ የቆምነው በሁለት እግራችንና በእሱ ነው። ይህ ለወዶ ገቡም ለተገደደውም እኩል የሚሠራ ይመስለኛል። ከእስር የተፈታ ሰው በሰፊ መንገድ ላይ የሚያዳልጠው፣ ለዓመታት በሽተኛ ያስታመመች ሴት ከቀብር በኋላ የምትወድቀው ለዚህ ይሆን? “ቻልከው እኮ” እንላቸዋለን፣ መቻል ሸክሙ ሲነሣ የሚያበቃ ይመስል። እናም ጥያቄዬ መልኩን ለወጠብኝ። ከእንግዲህ ማን ወዶ ገባ ብሎ መለየቱ አላረካኝም፤ ነፋሱ ሲቆም ማን የሚደግፈው አለው የሚለው በለጠብኝ። እኔን አንድ የማላውቀው ተጓዥ ክንዴን ይዞ አነሣኝ።

ጫፉ ላይ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ እ.ኤ.አ. በ1934 በጥንቷ ፍርስራሽ ላይ የተሠራች፤ ከአጠገቧም ትንሽ መስጊድ። ነፋሱ ስለበረታ ፀሐይዋን ቆሞ ያየ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ከግድግዳው ጥግ ተኰራምተን ነበር። 2285 ሜትር ከፍታ ላይ ወጥቶ ጥግ መፈለግ! ነገሩ ግን የኛ ብቻ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እዚህ የወጣችው ተጓዥ ኤጌርያ፣ አቀበቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ እንደነበረ ጽፋ፣ ጫፉ ላይ ግን የሚኖር ሰው እንደሌለ ነግራናለች። የዮስጢንያኖስ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስም እዚያ ላይ ሌሊቱን ማሳለፍ እንደማይቻል፣ ነጎድጓድና የሚያስፈራ ነገር እንደሚሰማ ጽፏል፤ ገዳሙ የተሠራው ከታች፣ ውኃው ካለበት ነው። ከፍታ ሰው የሚደርስበት እንጂ የሚኖርበት ቦታ አይደለም። ይህ ከሆነ “ደረስኩ” የሚለው ቃል ከሌሎች መድረሻዎቻችን ሁሉ የተለየ ነው፤ ቤት ስንደርስ እንቀመጣለን፣ እዚህ ስንደርስ መሄድ እንጀምራለን። ስደተኛውም ደረሰ የሚባለው የሚቀመጥበት ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ለእኔ መመለሻ የሆነልኝ ነገር የመድረሴም አካል ነው፤ ካልወረድኩ አልወጣሁም።

በዚህ ተራራ ላይ ስለ ነፋስ የተነገረው ታሪክ የኤልያስ ነው፣ ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ሰባኪዎች የሚያተኩሩት ከነፋሱ፣ ከመናወጡና ከእሳቱ በኋላ በመጣው ዝግተኛ ድምፅ ላይ ነው። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ሌላ ነው። ኤልያስ ተራራ ሊወጣ የመጣ ሰው አልነበረም። ንግሥት ልታስገድለው የምታሳድደው ስደተኛ ነበር፤ በበረሓ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለምኗል። ወደዚሁ ተራራ፣ ወደ ኮሬብ፣ ሲሄድ ግን አርባ ቀንና አርባ ሌሊት የሄደው ማንም ሳያዘው ይመስላል፤ ስለዚህ ምን እንዳመጣው ይጠየቃል። ሳይወድ የተነሣ፣ ወዶ የደረሰ፤ በእሱ ውስጥ ሁለቱ መከራዎች ተደባልቀዋል። ጥያቄው ሁለት ጊዜ ይጠየቃል፣ አንዴ ከነፋሱ በፊት፣ አንዴ ከነፋሱ በኋላ። መልሱም ሁለት ጊዜ ያው ነው፤ ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ስለ እግዚአብሔር መቅናቱን፣ ነቢያት መገደላቸውን፣ ብቻውን መቅረቱን ይናገራል። ተራራ የሰነጠቀ ነፋስ አልፎበት በአንደበቱ ላይ አንዲት ቃል አልቀየረም። መከራ ሰውን ይለውጣል፣ ከፍታ ዓይን ይከፍታል ለምንል ሁሉ ይህ ታሪክ የሚጎረብጥ ነው፤ እንደማይጎረብጥ ቆጥረን ማለፍ ያለብን አይመስለኝም።

የሚሰጠው መልስም ስለ ነፋሱ አንዳች አይልም። ብቻዬን ቀረሁ ላለው፣ ጉልበታቸውን ለጣዖቱ ለበኣል ያላንበረከኩ ሰባት ሺህ ሰዎች እንዳሉ ይነገረዋል። ስማቸው አይነገረውም፣ የት እንዳሉም አይነገረውም። ሦስት ሰዎችን እንዲቀባ ታዝዞ በመጣበት በረሓ ይመለሳል። ከሦስቱ ሥራዎች በገዛ እጁ የጀመረው አንዱን ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ከእሱ በኋላ የመጡ ፈጸሟቸው። ያንን አንዱንም ሲጀምር፣ በሬ ጠምዶ ሲያርስ ባገኘው በኤልሳዕ ላይ መጎናጸፊያውን ጣለበት፤ በኮሬብ ካደረበት ዋሻ ደጃፍ ፊቱን የሸፈነበትን መጎናጸፊያ። ገበሬው ያን ሰዓት ስለ ኮሬብ ምን ያውቃል? ምንም። ነፋሱን አልፈለገውም፣ አልሸሸውምም፤ ከነፋሱ የወጣ ጨርቅ በትከሻው ላይ አረፈበት እንጂ። ኤልያስ ያሳለፈውን አልተረከለትም፣ ቢተርክለትም ኖሮ የሚረዳው አይመስለኝም። እኔም ከዚያ ተራራ ወርጄ ለሰዎች የማወራው ስለ ብርዱና ስለ ደረጃው ብዛት ነው፤ በሰሜኑ በረሓ ልጇ የጠፋባት እናት መካከላቸው ተቀምጣ ብትሰማኝ፣ ከምናገረው ውስጥ የትኛው ቃል ሳይሰብራት በትከሻዋ ላይ ሊያርፍ እንደሚችል እስካሁን እየፈለግሁ ነው።